ክርክር፦ ሥራ ላይ ያሉ የኤምቢኤ ተማሪዎች ጥናታዊ ጽሑፍ ይጻፉ ወይስ የመሥሪያ ቤታቸውን ችግር ይፍቱ?

የመወያያው ጥያቄ፦ በደሴና በኮምቦልቻ እየሠሩ ቅዳሜና እሁድ የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ለሚማሩ ሰዎች የመመረቂያ ጥናታዊ ጽሑፉ ቀርቶ፣ በመሥሪያ ቤታቸው ችግር ላይ የሚሠራ የተግባር ሥራ ሊተካው ይገባል ወይ?

የባንክ ባለሙያ፣ ደሴ
እኔ መቅረት የለበትም እላለሁ። ማስረጃ አሰባስቦና አመዛዝኖ የደረሰበትን በጽሑፍ መከላከል ያልቻለ ሰው ማስተርስ አለው ማለት ይከብደኛል። በገዛ መሥሪያ ቤት ላይ የሚጻፍ ሪፖርት ደግሞ አለቃን ላለማስቀየም ሲባል መለሳለሱ አይቀርም።

የፋብሪካ ግዥ ባልደረባ፣ ኮምቦልቻ
እህቴ፣ ስለ አለቃ ያነሱት እውነት ነው፤ እመለስበታለሁ። ነገር ግን አሁን ያለው ጥናታዊ ጽሑፍ ያንን ችሎታ እያስተማረ ነው? ወደ መሥሪያ ቤታችን የሚመጡት መጠይቆች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው፤ የአመራር ዘይቤ በሠራተኛ አፈጻጸም ላይ ስላለው ተፅዕኖ ይጠይቁና ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» አምስት ሣጥን ያስቀምጣሉ። የወር መዝጊያ የያዘው ሠራተኛ ሳያነብ መካከለኛውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ምልክት አድርጎ ይመልሳል፤ ያው ወረቀት ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ገብቶ በሠንጠረዥ ሲወጣ ግኝት ይባላል። ከፍሎ የሚያስጽፍም እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይህ ያሳዝነኛል።

በአንጻሩ እጃችን ላይ ያለውን ጉዳይ እንመልከት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ የውጭ ምንዛሪ ሲወደድ፣ መለዋወጫ ከውጭ የሚያስመጡ ፋብሪካዎች በቀድሞው ተመን የተመዘገበ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበራቸው። የምርቱን ዋጋ በዚያ መዝገብ አስልቶ የሸጠ ድርጅት በሒሳብ ትርፍ ቢያሳይም፣ ባገኘው ገንዘብ ያንኑ መለዋወጫ መልሶ መግዛት ያቅተዋል። የመተኪያ ዋጋውን፣ ማለትም ዕቃውን ዛሬ መልሶ ለመግዛት የሚጠይቀውን፣ ከመሸጫ ዋጋ ጋር ማስታረቅ፣ ዕቃው ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ ምን ያህል ክምችት እንደሚያስፈልግ መወሰን፣ የፋይናንስና የኦፕሬሽን ኮርሶች አንድ ላይ የሚፈተኑበት ሥራ ነው። ማስረጃውም ቢን ካርድ (የመጋዘን ዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) እና የግዥ ሰነድ ስለሆነ በግምት የሚሞላ አይደለም።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ደሴ
ሁለታችሁም ያላነሳችሁት ነገር አለ። ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሥራ ልምድን አይመዝንም፤ ስለዚህ መሥሪያ ቤት የሌለው ተማሪም ይገባል። እርሱ የማንን ችግር ይፈታል? ደግሞስ የትኛው ፋብሪካ ነው ወጪውን ለውጭ ሰው የሚገልጠው?

የፋብሪካ ግዥ ባልደረባ፣ ኮምቦልቻ
መምህር፣ ትክክል ነዎት፤ ለዚህም ነው ምርጫ ይኑር የምለው። ሥራ የሌለው ወይም ፒኤችዲ የሚያስብ በጥናታዊ ጽሑፍ ይመረቅ፤ ልምድ ያለው ደግሞ የተግባር ሥራውን ይምረጥ። ትክክለኛውን ዋጋ መግለጥ ሳያስፈልግ የመነሻውን ዓመት ዋጋ 100 አድርጎ በንጽጽር ማቅረብ ይቻላል። አለቃው በውጤት አሰጣጡ አይግባ፤ ተማሪው ሥራውን ሲከላከል የሚፈትነውም ከድርጅቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ይሁን። አማካሪ መምህሩ ግን ቢሮው ተቀምጦ ረቂቅ ከማረም አልፎ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ መጋዘኑን በቆጠራ ቀን ሊያይ ይገባል፤ ዩኒቨርሲቲውም ለዚህ ጉዞ አበል ይመድብለት።