ትንሽ አገር ወታደራዊ ጥምረት ውስጥ ምን ልትሠራ ትገባለች?

የቱሉ ዲምቱው ባለሱቅ
ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ማታ ሱቄ በር ላይ የሚቆሙ ልጆች ስለ ኔቶ ይከራከራሉ። እኔም መልስ እየቆጠርኩ ጣልቃ እገባለሁ። ኢስቶኒያ ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። አዲስ አበባ ብቻዋን ትበልጣታለች። አይስላንድ ደግሞ ጭራሽ ቋሚ ጦር የላትም፤ ግን በ1949 ኔቶን ከመሠረቱት አንዷ ናት (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። እነዚህ ለትልልቆቹ ምን ይጠቅማሉ? ለራሳቸውስ ገለልተኛ ሆነው አርፈው ቢቀመጡ አይሻላቸውም?

የኮዬ ልጅ
ጉልበተኛ ጎረቤት ያለው ሰው ዘመድ ያበዛል። አለቀ።

ጡረተኛ መምህር፣ ሰበታ
አላለቀም ልጄ። ገለልተኝነት እኮ ተሞክሯል። ሉክሰምበርግ ገለልተኛ ነበረች፤ ጀርመን በ1914ም በ1940ም ገባባት። አይስላንድም ገለልተኛ ነኝ ብላ ነበር። በ1940 የያዟት ግን ጀርመኖች አይደሉም፣ እንግሊዞች ናቸው! ኢስቶኒያ በ1939 የሶቪየት ጦር ሰፈር በግድ ተቀበለች፤ በዓመቱ አገሯን አጣች። እስከ 1991 አልተመለሰላትም።

ትልልቆቹ የሚያገኙት ቦታ ነው። የሶቪየት ሰርጓጅ መርከቦች ወደ አትላንቲክ ሲወጡ በአይስላንድ ግራና ቀኝ ነበር የሚያልፉት። እሷም ዋጋዋን ታውቃለች። በዓሣ ማጥመጃ ውሃ ከእንግሊዝ ጋር ስትጣላ «ከኔቶ እወጣለሁ» እያለች አስፈራራች። በ1976 እንግሊዝ ለቀቀችላት።

ለገጣፎ
መምህር፣ ወረቀት ምን ያደርጋል? እኛስ ከ1923 ጀምሮ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል አልነበርንም? ጣሊያን ሲወረን ማዕቀብ ጣሉበት፤ ነዳጁን ግን ተዉለት። ጃንሆይ በ1936 ጄኔቫ ድረስ ሄደው ተናገሩ። ማን መጣ? «አንዱ ሲጠቃ ሁሉም እንደተጠቃ ይቆጠራል» የሚለው የኔቶ አንቀጽ 5ም ቢሆን እያንዳንዱ አባል አስፈላጊ መስሎ የታየውን ያድርግ ነው የሚለው።

ጡረተኛ መምህር፣ ሰበታ
እውነትህን ነው። ኢስቶኒያም ይህ ስላልጠፋት ነው የሰው አገር ወታደር መሬቷ ላይ እንዲሰፍር የፈለገችው። ከ2017 ጀምሮ በእንግሊዝ የሚመራ ጦር ታፓ ላይ አለ። ብዙ አይደለም፤ ሩሲያን ብቻውን አያቆምም። ግን ድንበር የጣሰ በመጀመሪያው ቀን ከእንግሊዝም ጋር ይታኮሳል። የእኛ ማኅበር የራሱ ጦርም፣ የጋራ ዕዝም አልነበረውም።

በነፃ ግን አይደለም። ኢስቶኒያ አፍጋኒስታን ላይ ዘጠኝ ወታደሮች ሞተውባታል። ለዚያች አገር ቀላል አይደለም።

የቱሉ ዲምቱው ባለሱቅ
የዘጠኙን አልሰማሁም ነበር። ግን ጅቡቲን እዩአት። የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓን፣ የጣሊያን ጦር አስፍራ ኪራይ ትበላለች። ልጆቿን የትም አልላከችም። ይሄ አይሻልም?

ጡረተኛ መምህር፣ ሰበታ
ልካለች እንጂ፣ ሶማሊያ! በአፍሪካ ኅብረት በኩል። ተከራይ ደግሞ ቤቱ ሲቃጠል ዕቃውን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ከአምስቱ ውስጥ ጅቡቲን ለመከላከል በስምምነት ቃል የገባችው ፈረንሳይ ናት፤ ጅቡቲም ያንን ስምምነት አጥብቃ ይዛዋለች።