ጥይት የሚተኮስበት ጌም ላይ ታክስ ቢጣል የወጣቶች ወንጀል ይቀንሳል ወይ?

አወያይ፦ ሰላም ናችሁ የግሩፑ ቤተሰቦች። የዚ ሳምንት ክርክር ይሄ ነው። የሜክሲኮ መንግስት በ2025 የቀጣዩን አመት በጀት ይዞ ሲቀርብ፣ ግድያና ደም ያለባቸው ለአዋቂ ብቻ ተብለው የተመደቡ ጌሞች ላይ 8 ፐርሰንት ታክስ ይጣል የሚል ሀሳብ አስገብቶበት ነበር። ከዛ በፊት ደሞ አሜሪካ ፔንስልቬንያ ላይ 10 ፐርሰንት ይጨመርበትና ገንዘቡ ለትምህርት ቤቶች ደህንነት ይዋል የሚል ረቂቅ ህግ ቀርቦ ሳይፀድቅ ቀርቷል። እንዲ አይነት ታክስ በወጣቶች የሚሰራውን ወንጀል ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም? ስድብ የለም። አመተ ምህረት ስትፅፉ ሁላችንም በፈረንጆቹ ይሁን እንዳንምታታ።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ይቀንሳል ባይ ነኝ፣ ምክንያቴንም ልናገር። ትልቁ ልጄ 13 አመቱ ነው። ባለፈው ለሊት 8 ሰአት ላይ ውሀ ልጠጣ ስነሳ በበሩ ስር ብርሀን አይቼ ገባሁ፣ ሄድፎኑን አድርጎ ስክሪኑ ላይ ተደፍቶ ጥርሱን ነክሶ "ጭንቅላቱን በለው ጭንቅላቱን" ይላል፣ ስሙን ሁለት ሶስቴ ጠራሁት አይሰማም፣ ትከሻውን ስነካው ዞሮ እንኳን ሳያየኝ በክርኑ ደረቴን መታኝ። እኔ መሆኔን ሲያይ ደነገጠና አለቀሰ። ይሄ ልጅ ታናሹን እንኳን ቆንጥጦ የማያውቅ ልጅ ነው። ሲጋራ ላይ ታክስ ሲቆለል አጫሹ ቀንሷል አይደል እንዴ፣ ታዲያ መግደልን ጨዋታ አድርጎ የሚሸጠው ለምንድነው የማይከፍለው?

ሳሚ፦ እናቴ ስለ ልጁ ያሉት ያሳዝናል፣ ግን ወንጀል ብለን ነው የተነሳነው ስለዚ ወንጀሉን እንይ። እኔ ከ10 አመቴ ጀምሮ ተኩስ ያለበት ጌም እየተጫወትኩ ነው ያደግኩት፣ አብረውኝ የሚጫወቱትም እንደዛው፣ አንዳችንም ፖሊስ ጣቢያ ደርሰን አናውቅም። የኔን ተዉትና ዱም የሚባለው የተኩስ ጌም በ1993 ነው የወጣው፣ አሜሪካ ውስጥ በግድያ በዝርፊያና በከባድ ድብደባ የሚታሰሩ ታዳጊዎች ቁጥር ጣራ የነካው በ1994 ነው፣ ከዛ በኋላ በነበሩት 20 አመታት ጌሙ በየቤቱ ገብቶ ግራፊክሱ እውነተኛ ሰው እስኪመስል ደርሶ፣ የሚታሰሩት ልጆች ግን ከግማሽ በታች ነው የወረዱት። ወንጀለኛ ሆነህ የምትጫወተው ጂቲኤ 5 የሚባለው ጌም ብቻውን ከ200 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጧል። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያም ጌም ላይ ከሚያጠፉት ጊዜና ገንዘብ አንፃር ወንጀለኛ በወንጀለኛ መሆን ነበረባቸው፣ ግን ወንጀል በጣም ዝቅተኛ ከሆነባቸው ሀገሮች ናቸው።

የሁለት ልጆች እናት፦ በ20 አመት ውስጥ እኮ ስንት ነገር ይለወጣል ልጄ፣ የፖሊሱ አሰራር ይለወጣል፣ ኢኮኖሚው ይለወጣል፣ ሁሉንም ደባልቀህ ጌም ጥፋት የለበትም ማለት አትችልም። ጌሙ ባይኖር ከዚም በላይ ቢወርድስ ኖሮ?

ሳሚ፦ እሱ ልክ ነው፣ የሀገር ቁጥር ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ግን ታክሱን የሚሉት ሰዎች ቢያንስ ወደ ላይ የወጣ ነገር ማሳየት ነበረባቸው።

ዮናስ፦ የሳይኮሎጂ ሰው ነኝ፣ እዚጋ ሁለት ነገር እየተቀላቀለ ስለሆነ ልግባ። ቁጣና ወንጀል አንድ አይደሉም። የአሜሪካ የስነ ልቦና ባለሙያዎች ማህበር በ2015 ጥናቶቹን ሰብስቦ አይቶ፣ ሀይለኛ ጌም፣ ማለትም ግድያና ድብደባ ያለበት፣ መጫወትና እንደ መሳደብ፣ መጮህ፣ መገፍተር አይነት ጠብ አጫሪ ባህሪ መሀል ግንኙነት አለ አለ፣ ወደ ወንጀል ያደርሳል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም ብሎ እዛው ፅፏል። በ2020 ደግሞ እንደገና አይቶት፣ የጅምላ ተኩስ በተፈጠረ ቁጥር ጌም ላይ ማላከክ ሳይንስ አይደለም ብሎ አሳስቧል። የመጀመሪያውን ግኝት ራሱ የማይቀበሉ ተመራማሪዎች አሉ፣ በ2019 የኦክስፎርድ ሰዎች 14 እና 15 አመት የሆናቸው አንድ ሺ ገደማ የእንግሊዝ ልጆችን አጥንተው፣ ስለ ፀባያቸው ልጆቹን ሳይሆን ወላጆቻቸውን ጠይቀው፣ የጌሙንም ሀይለኛነት ከእድሜ ሬቲንጉ ወስደው ምንም ግንኙነት አላገኙም። እህቴ፣ ያንቺ ልጅ የመታሽ ለሊት 8 ሰአት ላይ እንቅልፍ ያላገኘ ልጅ ድንገት ስለተነካ ነው። ጎጂ ነገር አለ፣ አልክድም፣ ግን ጎጂው ሰአቱ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ እሺ ሰአቱ ይሁን። ውድ ቢሆን ግን አይገዛውም ነበር፣ ሰአቱም አይኖርም ነበር።

ሄለን፦ እኔ የታክስ ስራ ላይ ነኝ፣ ትልቁ ስህተት ያለው እዚ አረፍተ ነገር ውስጥ ይመስለኛል። ሲጋራ ላይ ታክስ ይሰራል፣ የአለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዋጋው 10 ፐርሰንት ሲጨምር ፍጆታው በሀብታም ሀገሮች ወደ 4 ፐርሰንት በሌሎቹ ወደ 5 ፐርሰንት ይቀንሳል፣ ወጣቶች ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሰማል። የሚሰራው ግን አጫሽ በየቀኑ እንደ አዲስ ስለሚገዛ ነው፣ እያንዳንዷ ፓኮ እንደገና ኪሱን ትነካዋለች። ጌም አንዴ ነው የሚገዛው፣ ከዛ አንድ ሺ ሰአት ብትጫወተው የሚጨመርብህ ሳንቲም የለም። ይሄ አንድ። ሁለተኛው ደሞ የባሰ ነው፣ ልጆች በብዛት የሚጫወቱት እኮ ነፃ ነው! ፎርትናይት፣ ፍሪ ፋየር፣ ስልክ ላይ ያለው ፐብጂ፣ ዳውንሎድ ሲደረጉ ዜሮ ናቸው፣ የዜሮ 8 ፐርሰንት ዜሮ ነው። በዛ ላይ ፎርትናይት አሜሪካም አውሮፓም ለታዳጊ ይሆናል ተብሎ ነው የተመደበው፣ ስለዚ ለአዋቂ ብቻ የተባለው ላይ ታክስ ስትጥሉ የ13 አመቱን ልጅ አልፋችሁ ደሞዙን አውጥቶ የሚገዛውን የ30 አመት ሰውዬ ነው የምታገኙት። የ30 አመቱ ሰውዬ ደሞ የወጣቶች ወንጀል ውስጥ የለም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ነፃ ነው ትያለሽ እንጂ ልጄ ጌሙ ውስጥ ላለው ሰውዬ ለልብስ ነው ለስኪን ነው፣ መልኩን ለሚቀይረው ማለት ነው፣ እያለ ስንት ጊዜ ካርዴን ጠይቆኛል። እዛ ላይ ይጣላ።

ሄለን፦ እዛ ላይ ቢጣል የተሻለ ይሰበሰባል፣ እስማማለሁ። ግን ስኪን የሚሸጠው የኳስ ጌምም ነው የመኪና ጌምም ነው፣ እዛ ላይ ስትጥይ ከሀይለኛነት ወጥተሽ ልጅን እያባበሉ ገንዘብ መብላት ላይ ነው የጣልሽው። እሱ ራሱን የቻለ ጥሩ ክርክር ነው፣ የወንጀል ክርክር ግን አይደለም። ሀይለኛውን ከሌላው ለይቶ ህግ ማውጣት ደሞ ተሞክሯል፣ ካሊፎርኒያ በ2005 እንዲህ አይነት ጌም ከ18 አመት በታች ላለ እንዳይሸጥ ህግ አወጣች፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 7 ለ2 ሻረው። ጌም እንደ መፅሀፍና እንደ ፊልም ሀሳብን መግለጫ ነው አለ፣ ለህፃን የምንነግረው ተረትም ውስጥ እኮ ሰው ምድጃ ውስጥ ይከተታል ብሎ።

ሳሚ፦ እኔን በጣም የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ፣ ታክሱ ሲጣል የሚተላለፈው መልእክት ነው። ገና ሳላጠፋ ቅጣት እየከፈልኩ ነው ማለት እኮ ነው። አንድ ቦታ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ልጁ ጌም ይጫወት ነበር ይባላል፣ በዛ እድሜ የማይጫወት ወንድ ልጅ ፈልጋችሁ አምጡልኝ እስቲ።

ታደሰ፦ ስከታተል ነው የቆየሁት። እኔ ፍርድ ቤት ቀርበው በአመክሮ የተለቀቁ ልጆችን በመከታተል ስራ ላይ 11 አመት ሰርቻለሁ። ጌም የማይጫወት ልጅ አግኝቼ አላውቅም፣ ሳሚ እንዳለው። ስለ አንዱ ልንገራችሁ። 15 አመቱ ነው፣ ከሁለት ትልልቅ ልጆች ጋር ሆኖ ሴትዮ ገፍትሮ ስልክ ነጥቆ ተያዘ። ፋይሉ ላይ አንድ ሰው "ሀይለኛ ጌም ያዘወትራል" ብሎ ፅፎበታል። እኔ ሁሌ የማደርገው ነገር አለ፣ ወረቀት ሰጥቼ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ የት የት እንደነበርክ በሰአት ፃፍልኝ እላለሁ። ፃፈ። ትምህርት ቤት ከቀኑ 9 ሰአት ተለቀቀ። እናቱ ከስራ ማታ 2 ሰአት ነው የምትገባው። በመሀል ያለው ቦታ ላይ "ደረጃው ላይ" ብሎ ነው የፃፈው። የምን ደረጃ ነው ስለው የቤታችን አለኝ። ለምን አትገባም ስለው ቁልፍ የለኝም አለ። አንዴ ጥሎት ስለነበር ሁለተኛ አልተሰጠውም። ስልኩ ላይ ባትሪ እስካለ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጌም ይጫወታል፣ ባትሪው ሲያልቅ ይነሳል። ትልልቆቹን ልጆች ያገኛቸው ባትሪው ሲያልቅ ነው።

ዮናስ፦ ጋሼ ይሄ ያሉት በቁጥርም የሚታይ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በትምህርት ቀናት ታዳጊዎች የሚሰሩት የሀይል ወንጀል ጫፍ የሚደርሰው ልክ ትምህርት ቤት በተለቀቀበት ሰአት ነው፣ ለሊት አይደለም። ኢኮኖሚስቶችም በ2016 ባወጡት ጥናት የጌም ሽያጭን ሳምንት በሳምንት ከወንጀል ጋር አስተያይተው፣ ሀይለኛ ጌም በብዛት በተሸጠ ጊዜ ወንጀል ሲጨምር አላዩም፣ እንደውም ትንሽ ቀንሶ ነው ያገኙት። ሲጫወት የሚውል ልጅ ውጪ የለም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ስለዚ ሲጫወት ይዋል ልትሉኝ ነው?

ታደሰ፦ አይ እህቴ፣ እንደዛ አላልኩም። አንቺ ለሊት ተነስተሽ በሩን ከፍተሽ ገብተሻል። የዛን ልጅ በር የሚከፍት ሰው አልነበረም ነው የምለው። ታክሱ ቢጣል ያ ልጅ ስልኩ ላይ ያለው ነፃ ጌም አይነካም፣ እናቱ 2 ሰአት መግባቷም አይለወጥም፣ እኛ ግን አንድ ነገር አድርገናል ብለን እንተኛለን። እኔን የሚያስፈራኝ መተኛቱ ነው። 11 አመት ሙሉ ያየሁት ይሄን ነው፣ ትኩረት ወደ ስክሪኑ በሄደ ቁጥር ከደረጃው ይነሳል።

ሄለን፦ ጋሼ ገንዘቡ ግን ለነዚ ልጆች ቢውልስ? ቺካጎ ላይ ወጣቶችን በክረምት እረፍት 8 ሳምንት ብቻ ስራ አስይዘው፣ ማን ይግባ የሚለውን በእጣ ለይተው፣ በ16 ወር ውስጥ በሀይል ወንጀል መያዝ 43 ፐርሰንት ቀንሶ ተገኝቷል፣ በ2014 የታተመ ጥናት ነው። በእጣ ስለሆነ ጌሙ ነው ኢኮኖሚው ነው የሚል ክርክር አያስነሳም። እንዲህ አይነቱ ነገር ገንዘብ ይፈልጋል።

ታደሰ፦ ለሱ ከሆነ ከየትም ይምጣ እኔ እጄን ዘርግቼ እቀበላለሁ።

ሳሚ፦ ለሱ ከሆነ እኔም 8 ፐርሰንቱን እከፍላለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ሙዚቃም ፊልምም ኳስም ላይ ይጣልና ለልጆች ብለን ሁላችንም እንክፈል፣ ወንጀል አምራች ተብዬ ብቻዬን አልከፍልም።

ሄለን፦ ሳሚ ልክ ነህ፣ ሌላም ችግር አለው። ታክሱ ሰርቶ ሰው መግዛት ቢያቆም ለልጆቹ የተባለው ገንዘብ ይደርቃል፣ ገንዘቡ ከገባ ደሞ ሰው መግዛቱን አላቆመም ማለት ነው። ሁለቱን ባንዴ ቃል የሚገባ ህግ አንዱን ቃል ያጥፋል። የልጆቹ በጀት ከዋናው በጀት ነው መውጣት ያለበት።

የሁለት ልጆች እናት፦ ገባኝ። ታክሱ ወንጀል ይቀንሳል ያልኩትን አነሳለሁ፣ ግን የጌም ድርጅቶቹን ነፃ አላወጣሁም። የ13 አመት ልጅ ለሊት 8 ሰአት ላይ ክፍት ሆኖ የሚጠብቀው ነገር ሊኖር አይገባም። ሰአት የሚገድብ ህግ ይውጣ እላለሁ።

ዮናስ፦ ደቡብ ኮሪያ በ2011 ከ16 አመት በታች ያሉ ከእኩለ ለሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰአት ኦንላይን ጌም እንዳይገቡ ከልክላ ነበር። ልጆቹ በወላጅ መታወቂያ እየገቡ፣ ስልክ ላይ ያለውን ጌም ደሞ ህጉ ሳይነካው ቀርቶ፣ በ2021 ልታነሳው ወሰነች። እሱም ዞሮ ዞሮ ቤት ውስጥ ወዳለው ሰው ነው የሚመለሰው።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ሁለት ስራ ነው የምሰራው ዮናስ። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ስትል ማንን እንደሆነ አውቃለሁ። ለዛ ነው ህግ ያግዘኝ ያልኩት።

ዮናስ፦ ይቅርታ እህቴ፣ አንቺን ልወቅስ ፈልጌ አይደለም፣ እንደዛ መሰማቱ ትክክል አይደለም። ከትምህርት ቤት በኋላ ልጅ የሚውልበት ቦታ ቢኖር የአንቺም ሸክም ይቀል ነበር፣ ልል የፈለግኩት እሱን ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ እሺ። ጋሼ ታደሰ፣ አንድ ነገር ልጠይቆት፣ ያ ልጅ ቁልፍ ተሰጠው?

ታደሰ፦ ተሰጥቶታል እህቴ። እናቱን አነጋግረናት በማግስቱ አስቀረፀችለት፣ በገመድ አድርጎ አንገቱ ላይ ነው የሚያስረው። ትልልቆቹ ልጆች አሁንም በዛው ሰፈር አሉ፣ ስለዚ ለኔ ፋይሉ አልተዘጋም፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ 9 ተኩል ላይ እደውልለታለሁ። ብዙ ጊዜ ከበስተኋላው የተኩስ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቤት ገብቷል ማለት ነው።