መብራት ሲመጣ ቦቴ የትናንቱን ትእዛዝ ይደግማል፤ ምን ላድርግ?

የጀልባው ሰው፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቦቴ ስል ነዳጅ የሚያመላልሰውን እንዳይመስላችሁ፤ የቴሌግራሙን ቦት ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የሞተር ጀልባ ቀጠሮ እይዛለሁ። እንግዳው ቀኑን፣ የሰዉን ብዛትና መድረሻውን ለቦቱ ይጽፋል። ክብራን ገብርኤል ካለ ሴቶች አብረውት እንዳሉ ይጠየቃል፤ ገዳሙ ሴት አያስገባምና። ከዚያ በፓይተን የጻፍኩት ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ትእዛዙን ለጀልባ ነጂዎቹ ግሩፕ ይልካል።

መብራት ሲሄድ ግን አሮጌው ኮምፒውተሬም አብሮ ይጠፋል። ስክሪፕቱ እንደገና ሲነሳ ያለቀለትን ትእዛዝ ሁሉ ግሩፑ ላይ ይዘረግፈዋል። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ነጂዎች ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ወደ ዘጌ የሚሄዱ እንግዶችን ሲጠብቁ አረፈዱ። እንግዶቹ ረቡዕ ሄደው ተመልሰዋል! «ነገ ጠዋት» ብለው የጻፉትን ቦቱ እንዳለ ደገመው። የውሏቸውን ከኪሴ ከፈልኩ።

በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ጭራሽ ደነቆረ። ሰው ይጽፋል፣ እሱ ዝም። በማግስቱ ማንም ሳይነካው ነቃ።

መልእክቶቹን ከቴሌግራም የማመጣው ጌትአፕዴትስ በሚባለው ጥሪ ነው፤ ሌላ ነገር ሳልጨምርበት ብቻውን እጠራዋለሁ። የመጨረሻውን አፕዴት አይዲ (የመልእክቱን መለያ ቁጥር) በቫሪያብል፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሠራ ብቻ በሚቆይ ማስታወሻ፣ ይዤ የቀደሙትን እዘላለሁ። ኮዱን አያይዣለሁ።

ጠርጣራው፦
ወንድሜ፣ ኮዱ ውስጥ ቶክንዎ፣ የቦቱ ምስጢራዊ ቁልፍ፣ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ያገኘው ሁሉ በቦቱ እንዳሻው ያዝዛል። አሁኑኑ ቶክን የሚሰጠው የቴሌግራም ቦት፣ ቦትፋዘር ዘንድ ገብተው ይሰርዙትና አዲስ ይቀበሉ። ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ባለ ሰባት መስመር፦
ሁለቱም ችግር ምንጩ አንድ ነው፤ ለቴሌግራም «ደርሶኛል» ብለውት አያውቁም። ይህን የሚሉት ኦፍሴት በሚባለው ነው፦ የመጨረሻው አፕዴት አይዲ ሲደመር 1። ያንን ካልላኩለት መልእክቱን እስከ 24 ሰዓት አስቀምጦ በጠየቁት ቁጥር ከጥንቱ ጀምሮ ያቀርብልዎታል። እርስዎ የሚዘሉት በቫሪያብል ስለሆነ መብራት ሲሄድ የያዙት ቁጥር ይጠፋል።

የጥምቀቱም ይኸው ነው። በአንድ ጥሪ የሚመጣው ቢበዛ 100 መልእክት ነው። ያልተረጋገጠው 100 ሲሞላ ሁልጊዜ እነዚያኑ ያነባሉ፤ 101ኛው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። በማግስቱ አሮጌዎቹ 24 ሰዓት ሞልቷቸው ሲጠፉ መንገዱ ተከፈተለት።

ኦፍሴቱን ይላኩ። መብራቱ ግሩፑ ላይ በጻፉበትና ባረጋገጡበት መካከል ከሄደ አሁንም አንድ ትእዛዝ ሊደገም ስለሚችል፣ የተላከውን አፕዴት አይዲ ፋይል ላይም ይመዝግቡ። «ነገ» የሚለውንም ቦቱ ወደ ቀን ይለውጠው።

የጀልባው ሰው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቶክኑን ለወጥኩ፣ ኦፍሴቱንም ጨመርኩ። መጀመሪያ 409 የሚል ስሕተት ሲያንጣጣብኝ ነበር፤ ለካ የእህቴ ልጅ አዲሱን ቶክን ወስዶ ያንኑ ስክሪፕት ቤት ላፕቶፑ ላይ ከፍቶታል! በአንድ ቶክን ሁለት አዳማጭ አይቻልም አሉ። እሱን አስዘግቼ ሶኬቱን ነቀልኩና መልሼ ሰካሁት። ግሩፑ ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ነጂ፣ «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» ብሎ ጻፈ።