አበባ የሚሆነው ሽንኩርት (አሊየም) ደሴ ላይ ቅጠል ብቻ እያወጣ አላብብ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ሆጤ ሰፈር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሆጤ አካባቢ ትንሽ የፊት ግቢ አለችኝ። አክስቴ ከሆላንድ ስትመጣ ለአበባ የሚሆን የሽንኩርት ኮረት (የሚተከለውን ራሱን) ይዛልኝ መጥታ ነበር፣ እሽጉ ላይ አሊየም ጂጋንቴም ይላል። ያ ረጅም ዘንግ አውጥቶ ጫፉ ላይ ትልቅ ክብ ወይን ጠጅ አበባ የሚይዘው ማለት ነው፣ በፎቶ ካየሁት ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። ቅጠሉ ሰፋፊና ያማረ ነው። አበባ ግን የለም። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጥቂቶቹ መሬት ውስጥ እንዳሉ በሰበሱ። አሁን ግንቦት ላይ የተረፉት ጫፋቸው ቢጫ እየሆነ ነው። ውሃ ልጨምር? ቅጠሉን ልቁረጠው?

ሌላው፣ ሰሞኑን ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ከመንገዱ በላይ ቁጥቋጦ ስር ቀይ ክብ አበባ አየሁ። ቅጠሉ ገና ብቅ እያለ ነው፣ ዘንግና አበባ ብቻ ነው የሚታየው። የዱር ሽንኩርት ይሆን? ቆፍሬ ባመጣው ይጸድቅልኛል?

የጦሳ ስር

አብሽሪ እህቴ፣ ተክሉ አልታመመም። ችግሩ የአየር ጠባዩ ነው። ጂጋንቴም አገሩ ማዕከላዊ እስያ ነው፣ ኢራን፣ አፍጋኒስታን፣ ቱርክሜኒስታን። እዚያ ክረምታቸው ብርድና በረዶ ነው፣ በጋቸው ደግሞ ደረቅና ሞቃት። ኮረቱ በበጋ ደረቅ አፈር ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ ረጅም ብርድ ያገኘዋል፣ ብርዱ ሲያልፍ ዘንጉን ይለቃል፤ እስከ 1.5 ሜትር የሚደርስም አለ። እኛ ጋ ሁለቱም ተገላቢጦሽ ነው። ማረፍ በሚፈልግበት በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ይወርድበታል፣ ስለዚህ ይበሰብሳል። ብርዳችን ደግሞ የሌሊት ብርድ ነው፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ብትሆንም በህዳርና በታህሳስ ቀን ቀን ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች። ኮረቱ የሚፈልገው ግን ሳይቋረጥ ለሳምንታት የሚቆይ ቅዝቃዜ ነው። ያንን ካላገኘ ቅጠል ብቻ አውጥቶ ዓመቱን ይጨርሳል።

ቅጠሉን አትቁረጪ! ቢጫ መሆኑ በሽታ አይደለም፣ ወደ እረፍቱ እየሄደ ነው። የሚያብበው አሊየም እንኳን አበባው ሲወጣ ቅጠሉ መድረቅ ይጀምራል። የቅጠሉ ጉልበት ወደ ኮረቱ ስለሚመለስ በራሱ ደርቆ እስኪተኛ ተይው። ውሃውንም አቁሚ። ሰኔ ላይ ዋናው ዝናብ ሳይገባ በጥንቃቄ ቆፍረሽ አውጪው፣ አፈሩን አራግፊ፣ ጥላ ውስጥ አድርቂው፣ አየር በሚገባው ቅርጫት ወይም የወረቀት ከረጢት ቤት ውስጥ ይክረም። መስከረም መጀመሪያ ላይ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው (ፍሪዘር አላልኩም፣ ፍሪጅ!) ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይቆይ፣ ህዳር መጨረሻ ላይ ትተክይዋለሽ።

ስትተክይ ጥልቀቱ የኮረቱን ቁመት 3 እጥፍ ያህል ይሁን። አፈርሽ ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጊና ጠጠርና አሸዋ ቀላቅይበት። ሙሉ ፀሐይ ያስፈልገዋል። ያልበሰለ ፍግ አታስጠጊው።

ቦርከና ዳር

ስለ ቀዩ አበባ እኔ ልመልስ፣ በእኛ በኩል ስለማውቀው። እባክሽ አትቆፍሪው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አትቅመሺው። ከነገርሽን ስነሳ ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ ይመስለኛል። ዝናብ ሲጀምር ከቅጠሉ ቀድሞ ወይም ከቅጠሉ ጋር ክብ ቀይ አበባ ያወጣል። ከሩቅ ሲያዩት አሊየም ነው ያሰኛል፣ ግን መርዛማ ነው፣ በአፍሪካ አንዳንድ ቦታ ለቀስት መርዝና ዓሣ ለማጥመጃ ሁሉ ይጠቀሙበት ነበር። መለያው ቀላል ነው። የአሊየም ቅጠል በጣት ሲፈተግ የሽንኩርት ወይም የነጭ ሽንኩርት ሽታ አለው። ሽታ ከሌለው ሽንኩርት አይደለም። ሽታ ስላለው ብቻ ግን ይበላል ማለት አይደለም፣ የማታውቁትን የዱር ኮረት አትብሉ፣ በተለይ ልጆች ያላችሁ።

እውነተኛ የዱር አሊየምም አገራችን ውስጥ አለ። አሊየም ስፓታሴየም ይባላል፣ ነጭ፣ ሳሳ ያለ አበባ ነው ያለው። እሱንም ካገኛችሁት ባለበት እዩት፣ ፎቶ አንሱት። ከፈለጋችሁ አበባው ደርቆ ዘር ሲይዝ ጥቂት ዘር ውሰዱ። አንዱ ኮረቱን ነቅሎ ሲሄድ ቀጥሎ የሚመጣው ምንም አያይም፣ ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ በጂጋንቴም አትድከሙ። ከተማችን ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፣ ይሞቃል። እኔ የምመክረው ቱልባጊያ ነው። አሊየም ባይሆንም ዘመዱ ነው፣ አገሩ ደቡብ አፍሪካ፣ ቅጠሉ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፣ አበባው ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ። ብርድ ካላገኘሁ አላብብም አይልም፣ ያለ ብርድም ያብባል። ሲበዛ ጉብታውን ከፍለሽ ለጎረቤት መስጠት ነው።

ንብ አንቢው

ልጄ፣ ፍሪጁም ጥሩ ነው። ግን የጓዳሽን ሽንኩርት ለምን ትንቂዋለሽ? መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ከገበያ ጠንከር ያለ፣ ያልተላጠ፣ ያልበሰበሰ ቀይ ሽንኩርት መርጠሽ አንገቱ ብቻ እንዲታይ አድርገሽ ትከይው። የደሴ ብርድ ለእሱ በቂው ነው። ውሃ ሳታበዢ ጠብቂው፣ መሐሉ ላይ ነፋ ያለ ባዶ ዘንግ ያወጣል፣ ጫፉ ላይ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይቆይና ሽፋኑ ሲቀደድ ክብ ነጭ አበባ ይከፈታል። አንዷ ራስ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ አበቦች አሉ፣ ቀርበሽ ስታያቸው እያንዳንዷ የአበባ ቅጠል አረንጓዴ መስመር አላት። ንቦቼ እሷን ሲያገኙ ሌላ አበባ አይፈልጉም። ሰው ዘር የሚያመርተውም ከዚሁ ነው።

ባሮ ሽንኩርትም ሳይነቀል ከቆየ በዓመቱ ወይን ጠጅ የቀላቀለ ትልቅ ክብ አበባ ያወጣል። እኔ ከቀዩም ከነጩም እሱን እወዳለሁ። ዘንጉ ንፋስ ስለሚጥለው እንጨት አስደግፊው።

ሰኞ ገበያ

የጋሼ መልስ አሪፍ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምርበት። ከዚህ በፊት ነጭ ሽንኩርት የበሰበሰበት መሬት ላይ ምንም ዓይነት አሊየም (ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሁሉ) አትትከሉ። ስሩ ላይ ነጭ ሻጋታና በጣም ጥቃቅን ጥቋቁር ነጠብጣቦች ካያችሁ ነጭ አበስብስ የሚባለው በሽታ ነው። ጥቋቁሮቹ አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ፣ በጫማና በዶማ ይዛመታሉ። ያ መሬት ለሽንኩርት ዘር ሁሉ አይሆንም፣ የተያዘውን ተክል ነቅላችሁ አቃጥሉት፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጣሉት።

ለዚህም ነው ከውጭ ኮረት ስታስመጡ ፈቃድና የተክል ጤና ሰርተፊኬት ይኑረው የምለው። በሻንጣ የሚመጣ አንድ ኮረት የጎረቤትን ነጭ ሽንኩርት ማሳ ሊበክል ይችላል፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ በነጭ ሽንኩርት የሚተዳደር ገበሬ ብዙ ነው።

ግቢ ውስጥ ውሻ፣ ድመት ወይም ላም ካለሽ አጥሪው። የሽንኩርት ዘመድ የሆነ ተክል ሁሉ ከበሉት ቀይ የደም ሴላቸውን ይጎዳል።

ሆጤ ሰፈር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ቀዩን አበባ አልነካውም፣ ፎቶ ብቻ አነሳዋለሁ። ጋሼ፣ ቀይ ሽንኩርቱን ጥቅምት ላይ እተክላለሁ፣ አበባው ሲወጣ ፎቶውን እዚህ እለጥፍልዎታለሁ። የጦሳ ስር፣ ፍሪጃችን ውስጥ ሁሌ ፍራፍሬ አለ፣ ችግር አለው? መብራት ሲጠፋስ?

የጦሳ ስር

ፍራፍሬው ችግር አለው። ሙዝ፣ አፕል፣ አቮካዶ ሲበስሉ የሚለቁት ጋዝ ኮረቱ ውስጥ ያለውን የአበባ እምቡጥ ያበላሻል። ኮረቱ ፍሪጅ ውስጥ እስካለ ድረስ ፍራፍሬውን ውጭ አውጡት፣ ካልሆነ ፍራፍሬ የማያስቀምጥ ጎረቤት ፍሪጅ ፈልጊ። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ምንም አይልም፣ በሩን አትክፈቱት እንጂ። ኮረቱን በወረቀት ከረጢት አድርጊው፣ ፌስታል ያላበዋል። በየሳምንቱ እያወጣሽ ዳብሺው፣ የለሰለሰ ካለ ወዲያው ለይተሽ ጣይው። ከረጢቱ ላይም "አይበላም" ብለሽ ጻፊበት፣ አለዚያ አንድ ቀን ወጥ ውስጥ ይገባል።