አክስቴ ሃያ ድምፅ አዘዘችኝ

ከጎተቦርግ፣ ሜይ 17፣ 2021
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ቀልድ ይመስላል፣ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። የእናቴ ታናሽ እህት እስራኤል፣ ነታንያ ነው የምትኖረው። ትናንት ደወለችና «ማክሰኞ ማታ በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ለእስራኤሏ ዘፋኝ ለኤደን አለነ ድምፅ ትሰጫለሽ። አንድ ስልክ ሃያ ጊዜ ይችላል አሉ፣ ሃያውንም ትጨርሻለሽ» አለችኝ። ባሌም ሃያ፣ ልጄም ሃያ። ሦስቱም ስልኮች በእኔ ስም ናቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ፋክቱራ (የክፍያ ሂሳብ) ዘግይቶብኝ ኢንካሶ (የዕዳ ሰብሳቢ ደብዳቤ) መጥቶ ነበር፣ ከፍያለሁ። አሁን የስዊድን ዜግነት አመልክቼ እየጠበቅኩ ነው። ስልሳ ድምፅ ስንት ያስከፍላል? ወረቀቴስ ላይ ጣጣ ያመጣ ይሆን? እምቢ እንዳልላት ደግሞ የኮሌጅ ክፍያዬን ስትልክልኝ የነበረችው እሷ ናት።

ከስቶክሆልም
እህቴ፣ ሁለት ነገር አታደባልቂ። ፋክቱራ መምጣቱ ብቻውን ምንም አይደለም። ቀኑ ካለፈ ማስታወሻ ይመጣል፣ 60 ክሮነር ይጨመርበታል። ዝም ካልሽ ኢንካሶ ነው፣ 180 ክሮነር። እሱንም ዝም ካልሽ ወደ ክሮኖፎግደን፣ ወደ መንግሥት ዕዳ አስከፋዩ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። የሚያስፈራው ያ ነው። ዕዳዋን አልከፈለችም የሚል የክፍያ ምልክት አንዴ ስምሽ ላይ ካረፈ ሦስት ዓመት ይቀመጣል፣ ቤት ልከራይ ስትዪ ይታይሻል። አንቺ ኢንካሶው ላይ ከፍለሽ ከጨረስሽ እዚያው ቀርቷል።

ወደ ዘፈኑ ስንመጣ፣ አክስትሽ ልክ ናቸው፣ በአንድ ስልክ እስከ 20 ነው። የስዊድን ዘፋኝ በሚመረጥበት በሜሎዲፌስቲቫለን ላይ በአፑ በነፃ ልብ መጫን ለምደሽ ከሆነ ግን ዩሮቪዥን ያስከፍላል። ደግሞ ግማሹ ነጥብ የዳኞች ነው። ስልሳም ላኪ ስድስት መቶ፣ የስዊድን ሕዝብ ለአንድ አገር የሚሰጠው ትልቁ ነጥብ 12 ነው።

ከጎተቦርግ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ልጄ ግን «እኔ የምመርጠው የስዊድኑን ቱሴን ነው» ብሎ አኩርፏል።

ከስቶክሆልም
አይችልም! ስዊድን ተቀምጦ ስዊድንን መምረጥ ክልክል ነው። ንገሪው፣ ኩርፊያውን ይተወዋል።

ከኡፕሳላ
እኔ በቱሴ አልቅሻለሁ። በልጅነቱ ከኮንጎ ተሰድዶ መጥቶ ዛሬ የስዊድንን ባንዲራ ይዞ ይወጣል። የኔ ልጅ እዚሁ ተወልዶ ዛሬም «ከየት ነህ?» ይሉታል።

ከኦስሎ
እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። ያቺ አማርኛ ያለባት የኤደን ዘፈን «ፍቅር ልቤ» የት ገባች? ልጅቷ እንግሊዝኛ ዘፈን ይዛ መጣች። አማርኛችንን ጥላ ሃያ ድምፅ?

ከስቶክሆልም
ወንድሜ፣ እሷ አልጣለችውም። «ፍቅር ልቤ» የተመረጠው በማርች 2020 መጀመሪያ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ማርች 18፣ ውድድሩ በኮሮና ተሰረዘ። አዘጋጆቹ ዘፋኞቹን መመለስ ይቻላል፣ ያምናውን ዘፈን ግን አንቀበልም አሉ። ስለዚህ ዘንድሮ ከሦስት አዲስ ዘፈኖች ሕዝብ መረጠላት። በእሷ ላይ ምን አስፈረደህ?

ከኦስሎ
ከሦስቱ አንዱን አማርኛ ማድረግ ያቅታቸው ነበር?

ከፍራንክፈርት
ማንም የማያነሳውን እኔ ላንሳ። በዚህ ሳምንት ጋዛ ውስጥ ሕፃናት እየሞቱ ነው። እናንተ ለእስራኤል ሃያ ድምፅ ትቆጥራላችሁ።

ከአሽዶድ
እኔ ይህን የምጽፈው ከመጠለያ ወጥቼ ነው። ሳይረኑ ሌሊቱን ሲጮህ አደረ። ለጋዛ እናት አላዝንም ያለሽ ማን ነው? ልጅቷ ግን መንግሥት አይደለችም። ኢየሩሳሌም የተወለደች የኢትዮጵያውያን ልጅ ናት። እኛ በ2019 መንገድ ዘግተን ስንጮህ ልጆቻችንን እንደ ሌባ ያዩብን ነበር። አሁን ያው አገር መድረክ ላይ ቁሚልኝ አላት፣ ከእኛ ወገን የመጀመሪያዋ ናት። ለአክስትየዋ ነገሩ ዘፈን አይደለም።

ከፍራንክፈርት
ባንዲራው እኮ የመንግሥት ነው።

ከአሽዶድ
የቱሴስ ባንዲራ የማን ነው?

ከሜሪላንድ
እኔ ፖለቲካውን አልችለውም። አጎቴ ጎንደር ሆኖ እስራኤል ለመግባት ሲጠብቅ ስንት ዓመቱ! በቅርቡ 2000 ያህል ሰው ሲወስዱ እህቱ ሄደች፣ እሱ ቀረ። በየወሩ የቤት ኪራዩን የምልከው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ለፋሲካ ስደውልለት ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ለኤደን ድምፅ ብትሰጡ አጎቴ ይገባል? ዝም ብዬ ነው። ሆድ ሲብሰኝ እዚህ እጽፋለሁ።

ከቦሎኛ
አይዞሽ እህቴ። እንዲያው ካነሳችሁት ሰንሂትንም አትርሱ። እዚሁ ቦሎኛ የተወለደች የኤርትራውያን ልጅ ናት፣ ሐሙስ ለሳን ማሪኖ ትወጣለች። እኛም አክስት አለን፣ እኛንም አዘውናል።

ከኦስሎ
ኤርትራ ደግሞ ከየት ገባች?

ከቦሎኛ
አንተ አማርኛ ፈልገህ አልነበር? ሰው ስትፈልግ ጎረቤትም ሰው ነው።

ከጎተቦርግ
ወገኖቼ፣ ስልሳው ስንት ይመጣል?

ከኡፕሳላ
ዋጋው ማታ ስክሪኑ ላይ ይጻፋል መሰለኝ። ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?

ከስቶክሆልም
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት።

ከጎተቦርግ፣ ሜይ 24
ለጠየቃችሁኝ ሁሉ። ማክሰኞ ፈርቼ አምስት ብቻ ሰጠሁ፣ ሳትፈልገኝም አለፈች። ቅዳሜ ለፍጻሜው ግን አክስቴ በቪዲዮ ደውላ ተቀመጠችብኝ። በእኔ ስልክ ሃያውን ጨረስኩ። የባሌንና የልጄን ስልክ ደብቄያለሁ። ያቺን መጨረሻ ላይ እንደ ወፍ የወጣችበትን ድምፅ ሰምታችኋል? በውድድሩ ታሪክ ከፍተኛው ነው አሉ። አክስቴ እልል አለች፣ ጎረቤቶቿም መለሱላት።

17ኛ ወጣች፣ 93 ነጥብ። ቱሴ 14ኛ ስለሆነ ልጄ ይፎክርብኛል። ከ93ቱ 73ቱ የዳኞች ነው፣ ከሕዝብ የመጣው 20 ብቻ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ምን አለች መሰላችሁ? «ሃያ? በይ ያንቺ ናቸዋ! ሌላው ሁሉ ከዳኝ ማለት ነው።» ነጥብና ድምፅ እንደሚለያይ ላስረዳት ሞከርኩ፣ ጋሼ ያሉኝን ሁሉ ነገርኳት። አልሰማችኝም። ነታንያ ላይ ስሜ ገንኗል።

ፋክቱራው ገና አልመጣም።

ከፍራንክፈርት
ሃያ ድምፅ! እኔ የተናገርኩትን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ከአሽዶድ
መልሼልሻለሁ፣ ወደ ላይ ውጪና አንብቢ።