በአጥር ውስጥ ያለ አጋዘን የማን ነው? የንግድ አደን ቦታዎችን የሚመለከት ጥያቄ

ጥያቄ፦
በታጠረ የግል መሬት ላይ ትልልቅ የዱር እንስሳትን አርብተው ለአዳኞች በክፍያ ስለሚያቀርቡ ድርጅቶች የወጡ ሕጎችን እያጠናሁ ነው። ግራ የገባኝ፣ ሜዳ ላይ ሳለ የሕዝብ ሀብት የነበረ አጋዘን አጥር ሲታጠርበት የባለመሬቱ ንብረት ይሆናል ወይ የሚለው ነው። ተቆጣጣሪውስ ማን ሊሆን ይገባል?

መልስ 1፦
እንደየአገሩ ይለያያል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ መሬቱ በበቂ ሁኔታ መታጠሩን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው፣ እንስሳው አጥሩን ጥሶ ቢያመልጥ እንኳ ባለቤትነቱን አያጣም። በአሜሪካ ግን የዱር እንስሳት በየግዛቱ መንግሥት አደራ የተያዙ የሕዝብ ሀብት ሲሆኑ፣ በአጥር ውስጥ የሚረቡት በበርካታ ግዛቶች እንደ ከብት ተቆጥረው በግብርና መሥሪያ ቤት ሥር ይውላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የሥልጣን ክፍፍል ነው፤ የታጠረ አጋዘን አምልጦ ጫካ ሲገባ ኃላፊው ማን እንደሆነ ሕጉ አስቀድሞ ካልወሰነ፣ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ሲገፋፉ እንስሳው ከዱሩ መንጋ ጋር ተቀላቅሎ ያድራል።

መልስ 2፦
ከባለቤትነቱ ይልቅ በሽታው ይቅደም እላለሁ። የአጋዘን ዝርያዎችን እያመነመነ የሚገድለውና ፕሪዮን በሚባል ቅርጹ በተዛባ ፕሮቲን የሚመጣው በሽታ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት፣ ለምርምር በተያዙ አጋዘኖች ላይ ነበር። ፈውስም ክትባትም የለውም፤ በምራቅና በሽንት ይተላለፋል፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። አንዱ ከውስጥ ሌላው ከውጭ ቆመው በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫ ለአፍንጫ ሲነካኩ ነጠላ አጥር ምን ይከላከላል? ስለዚህ ድርብ አጥር፣ የእያንዳንዱ እንስሳ የጆሮ ምልክትና በአጥሩ ውስጥ የሞተ ሁሉ መመርመሩ የፈቃዱ ግዴታዎች ሊሆኑ ይገባል።

መልስ 3፦
የአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ. በ2000 አዲስ የእርባታ ፈቃድ እንዳይሰጥና ታጥረው የተያዙ እንስሳት በክፍያ እንዳይታደኑ በድምፃቸው ወስነዋል። እኔም ይህን እደግፋለሁ፤ መሸሻ የሌለውን እንስሳ መግደል አደን ሊባል አይገባውም። ሆኖም የሕጉ አረቃቀቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደቡብ አፍሪካ በእርባታ ያደገ አንበሳ ከመታደኑ በፊት ለ24 ወራት ራሱን ችሎ በዱር እንዲኖር የሚያስገድድ ደንብ አውጥታ ነበር፤ አርቢዎቹ ከሰሱ፤ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 ድንጋጌው ምክንያታዊ መሠረት የለውም ብሎ ሻረው።

ጠያቂው፦
ሦስታችሁንም አመሰግናለሁ። ጥናቴን ያመለጠ እንስሳን ከሚመለከቱት ድንጋጌዎች እጀምራለሁ፤ ባለቤትነቱም፣ በሽታውም፣ የተቆጣጣሪው ማንነትም የሚገናኙት እዚያ ላይ ነውና።