ከኪሎግራም-ፎርስ ወደ ኪሎኒውተን፦ ማባዛት ነው ወይስ ማካፈል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ብረት ስቦ ጥንካሬውን የሚፈትሸው ማሽን መርፌ የሚያነበው በኪሎግራም-ፎርስ ነው፤ ሪፖርቱ የሚፈለገው ደግሞ በኪሎኒውተን። ንባቡ 4250 ነው። በ9.81 ሳካፍል 433፣ ሳባዛ 41692 ይመጣል። የቱ ነው ልክ? እዚያው ሰነድ ላይ በዳይን (ሌላ የጉልበት መለኪያ) የተጻፈ ቁጥርም አለ።

መልስ 1
ማባዛት ነው። 1 ኪሎግራም-ፎርስ 1 ኪሎግራም መጠነ ቁስን መሬት የምትስብበት ጉልበት ስለሆነ 9.80665 ኒውተን ይሆናል። ኒውተን ትንሿ መለኪያ ናት፤ ወደ እሷ ሲኬድ ቁጥሩ ማደግ አለበት። 433 ላይ የደረሱት ወደ ኋላ ስለሄዱ ነው።
4250 × 9.80665 = 41678 ኒውተን። ለ1000 ሲካፈል 41.68 ኪሎኒውተን። የማሽኑ አንድ ጭረት 10 ኪሎግራም-ፎርስ ከሆነ ግን 41.7 ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን አሃዝ መርፌው አላነበበውም።
ሰሌዳው ላይ «ኪሎፖንድ» የሚል ካለም አይደናገሩ፣ ያው ኪሎግራም-ፎርስ ነው።

መልስ 2
ስለ ዳይን፦ 1 ኒውተን 100,000 ዳይን ነው። ኒውተን በኪሎግራምና በሜትር፣ ዳይን ደግሞ በግራምና በሴንቲሜትር ስለሚሠራ ኪሎግራሙ ወደ ግራም ሲወርድ 1000፣ ሜትሩ ወደ ሴንቲሜትር ሲወርድ 100 ይሰጣል፤ ሁለቱ ይባዛሉ። ብዙ ሰው 1000ውን ይዞ 100ውን ይረሳል፣ መልሱም መቶ እጥፍ ይስታል። ከዳይን በቀጥታ ወደ ኪሎኒውተን ለመድረስ ለ100,000,000 ያካፍሉ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። በ10 ማባዛትስ አይበቃም?

መልስ 3
ለምን እንደሚሰላ ይወስነዋል። በ10 ሲባዛ ውጤቱ 2 በመቶ ያህል ይበልጣል። ምሰሶ ላይ የሚያርፈውን ጭነት ሲገምቱ ትርፉ ወደ ጥንቃቄ ያደላል፣ ችግር የለውም። የእርስዎ ግን የብረቱ ጥንካሬ ነው፤ 42.5 ብለው ከጻፉ ብረቱ ያልቻለውን 0.8 ኪሎኒውተን ቻለ እያሉ ነው። በፍጹም አይጠቀሙበት።
9.80665 በ1901 በስምምነት የጸደቀ ቋሚ ቁጥር ስለሆነ በአካባቢው የስበት ልክ አይተካም። የአካባቢው ስበት የሚያስፈልገው ጉልበቱ የሚመጣው ከተንጠለጠለ ክብደት ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔ የሚታወቀው መጠነ ቁሱ እንጂ ጉልበቱ አይደለምና።